ዶሮው እየቀዘቀዘ

የዘንድሮ ፋሲካ አዲስ ሥርዓት ይዞብን መጣ። ጾም ከመግደፋችን በፊት እያንዳንዳችን የምናመሰግንበትን ነገር በየተራ እንድንናገር ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሞቲቬሽናል ቪዲዮ ያበዛል። አስቀድሰን ቤት ስንገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል፣ 55 ቀን ጾመናል፣ መሶቡ ተከፍቷል፣ የወጡ ሽታ ደግሞ ገና አጥር በር ላይ ነው የተቀበለን። ልጁ መሀል ላይ ቆሞ "እስኪ ከአባባ እንጀምር" ይላል።

አባባ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና እጃቸውን ወደ እንጀራው ሰደዱ። "አይ አባባ፣ በዝርዝር" አላቸው። በዝርዝር! ሰውዬው እኮ ስንት መንግሥት ሲወጣ ሲወርድ አይተው እዚህ የደረሱ ናቸው። ዝርዝሩ ከተጀመረ ዳግማይ ትንሣኤ ይደርስብናል።

ደግነቱ አባባ ዝም አሉ። ሌላው ግን ቀጠለ። አንዱ አለቃውን አመሰገነ፤ አለቃው እዚያ የሉም፣ ዶሮውም የእሳቸው አይደለም። አንዷ ራሷን አመሰገነች። የወንድሜ ሚስት አለቀሰች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከቅዳም ሹር ጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለችው፣ ዶሮውን 12 ብልት አድርጋ የበለተችው ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ፎጣው ክንዷ ላይ ነው። ውሃው ሙቅ ነበር፣ ለብ አለ፣ በረደ። ስሟን ያነሣ የለም።

ማመስገን አናውቅም እንዴ እኛ? በልተን "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" የምንል ሰዎች ነን። ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ "ከርሞም በሰላም ያድርሰን" ይባላል፣ አሜን ይባላል፣ አለቀ። ቅደም ተከተሉም ልብ ይባልልኝ። መጀመሪያ ይበላል።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ከተረት ሁሉ አንድ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው። ያን ሌሊት ሁሉም ዐይኑን ፈረሰኛው ላይ ተክሎ ስለ ሕይወት ትርጉም ሲያወራ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ጠግቦ ሲያንጎላጅ፣ ቴሌቪዥን ተከፈተ። በየበዓሉ የሚደገም አንድ የአጼ ቴዎድሮስ ፊልም አለ። በጣም እወደዋለሁ። ስሙን የማልጠራው በኋላ ለማወራው ነገር ስል ነው። ካሳ ሹሩባውን ተሠርቶ ፈረሱን ሲያስጋልብ ዛሬም ፀጉሬ ይቆማል። ንግግሩን ሁሉ በቃሌ ስለማውቀው ከተዋናዩ ቀድሜ እለዋለሁ፣ ቤተሰቡ ይቆጣል።

ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ከንጉሡ ጀርባ የሚወዛወዘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ ቴዎድሮስ ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መቅደላ ተብሎ የሚታየው የእኛው የፋሲል ግንብ ነው። መቅደላ እኮ ወሎ ያለ አምባ ነው! እዚያ የነበረው የሣር ክዳን ቤት ነው። ሴባስቶፖልን ደግሞ አምስት ጎረምሶች ተሸክመው ይሮጣሉ። ጋፋት ላይ የተሠራው ያ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ነው፤ ስንት መቶ ሰው ነው ገደል ለገደል እየጎተተ መቅደላ ያወጣው።

በመጨረሻው ሌሊት እቴጌ ተዋበች ቡና ታፈላለች። ረከቦቱ፣ ቄጤማው፣ እጣኑ፣ ፈንዲሻው ሳይቀር። ተዋበች ያረፈችው በ1850 ዓ.ም. ነው፣ መቅደላ የወደቀው በ1860። እሺ ትነሣ እንበል፤ በዓሉም ትንሣኤ ነው። የዚያን ዘመን ብዙው ክርስቲያን ግን ቡና አፉ አያደርስም ነበር፣ ካህናቱም ያወግዙት ነበር። ከመቃብር ተነሥታ የመጀመሪያ ሥራዋ ውግዘት መጣስ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ልለፈው። ጥሬ ሥጋውን ግን አላልፈውም። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተደረገው የእሮጌ ውጊያ በፊት ባለው ማታ ፊታውራሪ ገብርዬ ብርንዶ እየቆረጡ ይፎክራሉ። የእሮጌ ውጊያ የሆነው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ስቅለት ነበር። እንግዲህ ያ ማታ ጸሎተ ሐሙስ መሆኑ ነው። በሕማማት ጥሬ ሥጋ! ገብርዬ በማግስቱ ለንጉሣቸው ሞቱ፤ በፊልም ጾም አስገድፎ መቅበር ግን የሟች ስም ማጥፋት ነው። ይህን የሚያስተውል የለም፣ ምክንያቱም ፊልሙን የምናየው ሁልጊዜ ሥጋ በልተን ነው።

የሚገርመው፣ እውነተኛው ታሪክ ከፊልሙ ይልቅ የበዓል ነው። እሑድ፣ በፋሲካው ዕለት፣ ንጉሡ 1000 ላምና 500 በግ ለእንግሊዞቹ ጾም መግደፊያ ላኩ። ከሁለት ቀን በፊት ለተዋጋቸው ጦር! መጀመሪያ ተቀብለውታል ተባለ፣ ንጉሡም እፎይ አሉ። ኋላ ጄኔራሉ እንዳልተቀበለ ታወቀ። በጉ ከበር የተመለሰበት አማች ምን እንደሚሰማው እዚህ ጎንደር ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። በማግስቱ ሰኞ አምባው ላይ አለቀ። ፊልሙ ይህን ሁሉ ዘሎታል። ምናልባት ላም ተወዶ ይሆናል።

ሰኞ ንጉሡ የጠጡት ሽጉጥ ራሱ ስጦታ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ናት የላከችው። ለአገልጋይዋ ለፕላውዴን (እዚህ አገር ቆንስሏ ነበር) ላደረጉለት ቸርነት ትንሽ የምስጋና ምልክት ይሁን የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ምስጋና ተጽፎበት! ኋላ ለዚችው አመስጋኝ ንግሥት ደብዳቤ ቢጽፉ ለንደን ላይ መልስ የሚሰጥ ጠፋ፤ ነገሩ ሁሉ መበላሸት የጀመረውም ከዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ በዝርዝር ማመስገንን ከማን እንደተማረ አሁን ገባኝ። ፊልሙ ላይ ደግሞ ንጉሡ የሚመቱት ግንባራቸውን ነው፤ ሽጉጡም ምንም አልተጻፈበትም።

ስለ ምስጋና ካነሣን አይቀር፣ ይሄ ፊልም ሲጀምር ምስጋና አለው። ረጅም ምስጋና። ለሆቴሉ፣ ለመኪና አከራዩ፣ ለጁስ ቤቱ፣ በሐሳብ ለረዱን ሁሉ። ሲቀረጽ እኔም ነበርኩበት፤ ኤክስትራ ሆኜ። ከሰፈር ሰብስበው "ጋቢያችሁን ይዛችሁ ኑ" አሉን። እናቴ ፈትላ ያሠራችውን ይዤ ሄድኩ። ማታ ላይ "ለነገ ቀረጻ እንዲመሳሰል ጋቢው እዚሁ ይደር" ተባለ። ይኸው አድሮ ቀረ። እኔ ፊልሙ ገና ሳይሟሟቅ እሞታለሁ። ጋቢዬ ግን አንድ ደጃዝማች ትከሻ ላይ ሆኖ እስከ መቅደላ ይዘልቃል። ጥለቱን አውቀዋለሁ። አበልም የለ፣ ጋቢም የለ፣ ስምም የለ። ጁስ ቤቱ ተመስግኗል።

ቢሆንም ጋቢ ይተካል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይሄ ፊልም ጎንደር ላይ፣ በጎንደር ሰው፣ በጎንደር ግንብ ተሠርቶ ቴዎድሮስ ጎንደርን ማቃጠላቸውን አንድ ቃል አያነሣም። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋ ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያኗ ነደዱ። በራሳቸው ንጉሥ እጅ! ይህን ስል ሰው ይቆጣኛል። "ያቃጠለው ድርቡሽ ነው" ይሉኛል። ድርቡሽም አቃጥሏል፣ እሱ በ1880 ነው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው የሚባለውም ያኔ ነው። እኛ ግን ሁለቱን እሳት አንድ አድርገን ለድርቡሽ ሰጠነው። አብዬን ወደ እምዬ! ጀግና መውደድ አንድ ነገር ነው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ፀጉሬ ይቆማል ብያለሁ። ግን የተቃጠለበትን ቤት ግንብ ለፊልም አከራይቶ፣ ማን አቃጠለው ሲሉት ወደ ሱዳን የሚጠቁም ሕዝብ ያስቃል። ወይም አያስቅም።

የጀመርኩት ስለ ምስጋናው ነበር። ማስታጠቢያ የያዘችውን ልጅ ማን አመሰገናት ብትሉ፣ አባባ ናቸው፤ በልተው ሲያበቁ፣ በሁለት ቃል። ለገና ተራው ከእኔ ይጀምር ብያለሁ፤ ከ1859 ተነሥቼ ጋቢውን ጨምሬ በዝርዝር አወራለሁ። አክስቴ ሰምተው "ኧረ በሥላሴ፣ በበዓል ቀን ስለ እሳት አይወራም" አሉኝ። ልጃቸው ግን ደስ ብሎት ስልኩ ላይ መዝግቦታል።