ጎመን በጤና፣ ጎመኑ ከተረፈ

ማታ ስድስት ቅጠል የነበረው የሰላጣ ችግኝ ጠዋት ግንዱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። ሰኔ ገብቷል ማለት ነው። የጓሮው ባለቤት መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጎረቤትን ዶሮ ነው፣ ቀጥሎ የሰፈሩን ልጆች። ጥፋተኛው ግን ፊርማውን ትቶ ነው የሄደው፦ ከመደቡ እስከ አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ የደረቀ የልጋግ መስመር። ቅጠሉ ወጣ ገባ ቀዳዳ ካለውና መስመሩ ከታየ ዶሮዋ ነጻ ናት። ባለቤቷን ይቅርታ መጠየቅ የከሳሹ ፈንታ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞረው ቀንድ አውጣ ነው፤ ሌላው ራቁቱን የሚሄደው፣ ቅርፊት የሌለው ዘመዱ። በአዲስ አበባ አነጋገር ባለ ካርታና ተከራይ እንበላቸው። ባለ ካርታው ደረቁ ወራት ሲመጣ በሩን በልጋግ ለስኖ ይተኛል። የሚብሰው ተከራዩ ነው። የሚያግደው ቅርፊት ስለሌለ በአፈር ስንጥቅ ይገባል፣ ድንቹንና ካሮቱን ከሥር ይቦረቡራል፣ ቀን ቀን መሬት ውስጥ ውሎ ማታ ይወጣል። ሁለቱም ወንድም ሴትም ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት ተገናኝተው ሲለያዩ ሁለቱም እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። እንቁላሉ ነጣ ያለ ዶቃ የሚመስል ሲሆን እርጥብ አፈር ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ሐምሌና ነሐሴ ለእነሱ የድግስ ወራት ነው፣ ልክ ለፍልሰታ ጎመን በሚፈለግበት ሰሞን። በጎመን ማደራቸውን አይቶ ጿሚ ናቸው የሚል እንዳይኖር፣ የሞተ ወገናቸውንም ይበላሉ።

ጎመን ተበላብኝ ያለ ሰው ታዲያ አቦሉ ሳይወርድ አምስት መድኃኒት ይታዘዝለታል።

የመጀመሪያው ጨው ነው። ጨው ይገድላል፤ ከአካሉ ውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ችግሩ ጨው ሥራውን ጨርሶ አይሄድም። አፈሩ ውስጥ ቀርቶ የችግኙንም ሥር ያደርቃል፣ ጎመኑም ድስት ሳይገባ ጨው ይቀምሳል። ሁለተኛው አመድ ነው። አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ያስቸግራቸዋል፤ የሐምሌ ዝናብ ግን ከሰዓት በኋላ አንዴ ካረፈበት ጭቃ ነው። በየቀኑ ልነስንስ ያለ ሰው ደግሞ አፈሩን ከልክ በላይ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ያደርገዋል።

ሦስተኛውን የምታዝዘው ቡና አፍይዋ ናት፦ “አተላውን ድፉበት!” ነገሩ ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሃዋይ ተመራማሪዎች ከ1 እስከ 2 በመቶ ካፌይን ያለበት ፈሳሽ ተከራዩን እንደሚገድል አሳትመዋል። ሲኒ ሙሉ ቡና እንኳ ከዚያ እጅግ ያነሰ ካፌይን ነው ያለው። የእኛ አተላ ደግሞ አቦል፣ ቶናና በረካ ወጥቶለት ነው መደቡ ላይ የሚደፋው። ካፌይኑ ያለው እንግዶቹ ሆድ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣው እንቅልፍ አያጣም።

አራተኛው መድኃኒት በሻንጣ ይመጣል። ከለንደን የመጣው ዘመድ የመዳብ ፕላስተር ይዞ “እዚያ ሁሉም ይህን ነው የሚያደርገው” ይላል። ሁሉም ማድረጉ እውነት ነው። የእንግሊዙ የአትክልተኞች ማኅበር፣ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳወቀው ሙከራ የመዳብ ፕላስተር፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ጠጠር፣ የጥድ ቅርፊትና የበግ ፀጉር እንክብል ከሰላጣ ዙሪያ ተደርገው፣ ምንም ካልተደረገለት ሰላጣ ጋር ሲነጻጸሩ የረባ ልዩነት አልታየም። ዘመድ እንዳይቀየም ፕላስተሩ ለጌጥ ይለጠፍ።

አምስተኛው እንዶድ ነው፤ እዚህ ላይ ጡረታ የወጡት መምህር ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ቢኮሩም አይፈረድባቸውም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወራጅ ዝቅ ብሎ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያ ተነስተው ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ያገኙት። ያ ግን ውኃ ውስጥ ለሚኖረው ነው። ጓሮ ላይ የተረጨ እንዶድ በዝናብ ይታጠባል፤ በቦይ ወርዶ ወንዝ ከገባም ዓሣ ይገድላል።

ዶሮ ልቀቁበት የሚሉም አሉ። ዶሮ ቀንድ አውጣ ትበላለች፣ ችግኙን ጭራ ከነቀለች በኋላ።

ማንም የማያዝዘው፣ ግን ሁሉም በጨለማ የሚያደርገው ስድስተኛ መድኃኒት አለ፦ ለቅሞ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት መወርወር። እንግሊዝ አገር ምልክት እየተደረገባቸው ሲጠኑ ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ለመዱት ቦታ እየተመለሱ አስቸግረዋል፤ እንዳይመለሱ ከ20 ሜትር በላይ መራቅ ነበረባቸው። በእኛ ሰፈር 20 ሜትር የሚሰፋ ጓሮ ያለው ማን ነው? የተወረወረው ይመለሳል፣ ጎረቤትም የራሱን ይወረውራል። አንዱ ቀንድ አውጣ ክረምቱን በአየር ሲመላለስ ይከርማል።

የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቡና ላይ የማይነሳው። መጀመሪያ ግቢው ጥግ ያለውን ክምር ማንሳት ነው። ቤት ሲሠራ የተረፈ ብሎኬት፣ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ “አንድ ቀን ይጠቅማል” ተብሎ አሥር ዓመት የቆየ ጣውላ። ለባለቤቱ ገና አልጠቀመም፤ ለተከራዩ ግን ጨለማ፣ እርጥበትና ነጻ ኪራይ ነው። ክምሩ አይነሳም ካሉ ከመደቡ ይራቅ፣ በመካከልም ሣሩ ይታጨድ።

ቀጥሎ ውኃ። ዝናብ በሚቋረጥበት ሰሞን ማታ የጠጣ መደብ ሌሊቱን ሙሉ ለእነሱ አስፋልት ነው። ጠዋት ማጠጣት ይሻላል፤ ገጹ እስኪመሽ ይደርቃል። ቧንቧው በፈረቃ ሌሊት 8 ሰዓት ነው የሚመጣው ላለ መልሱ በርሜል ነው።

ከዚያ ለቀማ። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ በተለይ ካፊያ ካለፈ በኋላ፣ ባትሪና ጓንት ይዞ መውጣት ነው። ሳሙና የተበጠበጠበት ግማሽ ባልዲ ውኃ ይዘጋጅ፤ ጥቂት ጨው ከገባበት የሞተውን መደቡ ላይ አይድፉት። ችግኙን ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ጀርባና የመደቡን ጠርዝ ማየት ያስፈልጋል። ሦስት ሌሊት ተከታትሎ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንዴ ከተለቀመ ቁጥራቸው ይቀንሳል። እጅ ላይ የተጣበቀ ልጋግ በውኃ ሲነካ ይብሳል፤ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ነው የሚታጠበው። የሰፈሩን ጥበቃ አስቀድሞ መንገርም የሥራው አካል ነው፤ በሌሊት ባትሪ ይዞ አጥር ሥር የሚያጎነብስ ሰው “ጎመን እየጠበቅሁ ነው” ቢል ማን ያምነዋል?

ሌሊት መውጣት ያልፈለገ እርጥብ ጆንያ ወይም ጣውላ ጠጠር ላይ ከፍ አድርጎ መደቡ አጠገብ ያስቀምጥና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይግለጠው። ተጠልለው ያድራሉ። ሳይገለጥ የሰነበተ ጣውላ ግን ወጥመድ መሆኑ ቀርቶ ቀበሌ ቤት ይሆናል።

ለጋ ችግኝን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይደርስ መሬት አለማውረድ ነው። የተተከለውን፣ ታችና ላዩ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ገብቶ ይከልለው። ከመከለል በፊት ውስጡ ማንም እንደሌለ ይታይ፣ አለዚያ ሌባውን ከሰላጣው ጋር መቆለፍ ነው።

ከሱቅ ሰማያዊውን የቀንድ አውጣ መርዝ እንክብል የሚገዛ ሰው ማሸጊያውን ያንብብ። ሜታልዲሃይድ የሚባል መርዝ ካለው ውሻና ሕፃን ያለበት ግቢ አይግባ፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ከቤት ውጭ መጠቀሙን ከልክላለች። አይረን ፎስፌት ከሚባል የብረት ውሁድ የተሠራው ከተገኘ ይሻላል፦ ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም ገደማ፣ ማታ፣ ሳሳ ተደርጎ። የበላው መብላቱን ያቆምና መሬት ገብቶ ይሞታል። ሬሳ አላየሁም ብሎ ደግሞ መበተን ብክነት ነው።

የመጨረሻው የእርሾ ወጥመድ ነው፤ የእርሾ ሽታ ይስባቸዋል። ሰፊ ጣሳ፣ ከንፈሩ ከአፈሩ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀበር፤ ከአፈሩ እኩል ከሆነ ቀንድ አውጣ የሚበሉት ጥንዚዛዎችም ይገባሉ። ቢራ ውድ ነው ላለ፣ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በቂ ነው። የሚስበው ቅርብ ያለውን ብቻ ስለሆነ በየሜትሩ አንድ ይደረግ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም ይቀየር። ጠላም ይሆናል። ጠላው ወደ መደቡ ሲወሰድ ግን የሚሸኘው ሰው ይኑር፤ ከማድ ቤት እስከ ጓሮ ባለው መንገድ የሚጎድለው ቀንድ አውጣ ጠጥቶት አይደለም።