«በህጋዊ መንገድ ይምጡ» ለምትሉ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ የዛሬው ቁጣዬ ከእናንተ ጋር ነው። ዲቪ ደርሷችሁ ወይም ጥገኝነት ተፈቅዶላችሁ አሜሪካ ገብታችሁ ስታበቁ፣ ዛሬ በየካፌው «ስደተኛው በዛ፤ ለምን ወረፋውን ጠብቆ አይመጣም?» ከምትሉት ጋር።

ወረፋ የጠበቀ ሰው ልንገራችሁ። ኦቶ ፍራንክ፣ የአን ፍራንክ አባት። ልጅቷ ተደብቃ የጻፈችውን ማስታወሻ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አባትየው ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ቪዛ ፍለጋ ደጅ ሲጠና መክረሙን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል?

ሰውየው አይሁዳዊ ነው፤ በ1933 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ሂትለር ጀርመን ላይ ሥልጣን ሲይዝ ከፍራንክፈርት ወጥቶ ሆላንድ፣ አምስተርዳም ገባ። በ1938 ሮተርዳም በነበረው የአሜሪካ ቆንስላ አመለከተ። አሜሪካ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ለሚመጡ የመደበችው ኮታ በዓመት 27,370 ሰው ነበር፤ በ1939 አጋማሽ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ግን ከ300,000 በላይ። የእኛ አገር ኮታ በዚያ ዘመን ስንት እንደነበር ልንገራችሁ? በዓመት 100 ሰው! በሜይ 1940 ጀርመኖች ሮተርዳምን በቦምብ ሲያወድሙ የቆንስላው ፋይልም አብሮ ጠፋ።

እንደ አዲስ ጀመረ። ሰው የሌለው ሰው እንዳይመስላችሁ። የሚስቱ ወንድሞች ማሳቹሴትስ ነበሩ፤ ዋስ ሆኑለት። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ናታን ስትራውስ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣን ነበር። በ1941 ጻፈለት፤ ከራሱ በላይ ስለ ልጆቹ ብሎ ለመነው። ጓደኛውም ሞከረ። አልሆነም። ያኔ ህጉ ተቀይሮ ነበር። በጀርመን ቁጥጥር ሥር የቅርብ ዘመድ ትቶ የሚመጣ ሰው ለስለላ ይውላል ተብሎ ይጠረጠር ጀመር፤ በዚያ አካባቢ የነበሩት የአሜሪካ ቆንስላዎችም ተዘጉ።

ኩባን ሞከረ። ዲሴምበር 1 ቀን 1941 ለእሱ ብቻ ቪዛ ወጣ። ዲሴምበር 11 ጀርመን በአሜሪካ ላይ ጦርነት ስታውጅ ተሰረዘ። በጁላይ 1942 ቤተሰቡ ተደበቀ፣ በኦገስት 1944 ተያዘ። ከአራቱ የቤተሰቡ አባላት የተረፈው ኦቶ ብቻ ነው። አን በርገን-ቤልሰን የተባለው የናዚ ካምፕ ውስጥ ስትሞት 15 ዓመቷ ነበር።

እስቲ መልሱልኝ። ይህ ሰው የቱን ህግ ጣሰ? የቱን ፎርም ሳይሞላ ቀረ?

ደግሞ እንተዋወቃለን። ካርቱምና ናይሮቢ ላይ የዩኤንኤችሲአርን በር ስትጠብቁ የኖራችሁ ከመካከላችን አላችሁ። ያኔ «ወረፋህን ጠብቅ» የሚላችሁን ምን ስትሉት እንደነበር እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆችም ያነባሉ።

አንድ ዘመድ «ስፖንሰር ሁነኝ» ብሎ ሲደውል ስልኩን አንሱ። ካልቻላችሁ አልችልም በሉት፤ ያባት ነው። ህግ ማስተማሩ ግን ይቅርባችሁ። እሱ ህጉን ከእናንተ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ሲያነበው ነው የሚያድረው።