ዓይንና ጉሮሮን መምታት በተግባር ሲታይ

ስለ ራስን መከላከል ያነበብኩት ጽሑፍ «ዓይን፣ ጉሮሮ፣ ብልትና ጉልበት ከተመቱ የማይወድቅ አጥቂ የለም» ማለቱ በከፊል ቢያስማማኝም፣ ሐዋሳ ውስጥ ቴኳንዶ እንደሚያሠለጥን ሰው የማየው ከዚህ ይለያል። ዓይን ትንሽ ዒላማ ነው፤ የሚታገል ሰው ጭንቅላቱን አንድ ቦታ አያቆምም፣ የተደናገጠ ተከላካይም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጣቱን አነጣጥሮ መላክ ያቅተዋል። ብልትን መምታትም የሚወራለትን ያህል አይቀልም፤ ተማሪዎቼ መከላከያ አድርገው ሲለማመዱ አብዛኛው ምት የሚያርፈው ጭን ላይ ነው። በዚያ ላይ በኦሎምፒክ ሕግ በሚካሄድ የቴኳንዶ ውድድር ከወገብ በታች መምታትም ሆነ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል በመሆኑ፣ ለሜዳሊያ ብቻ የሠለጠነ ሰው እነዚህን ዒላማዎች በልምምድ አያውቃቸውም።

ማታ ከመናኸሪያ ስትመለስ ለተያዘች ሴት የምመክረው አገጭን በመዳፍ ሥር ገፍታ መትታ፣ እየጮኸች ባጃጆች ወደቆሙበት እንድትሮጥ ነው (ቡጢ ራስ ቅል ላይ ካረፈ የመቺው እጅ ሊሰበር ይችላል)። ጉሮሮ ግን ሊገድል የሚችል ቦታ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን የሚፈቅደው ከጥቃቱ ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ በመሆኑ፣ ሞባይል ለማስጣል ብሎ ጉሮሮ የመታ ሰው በአንቀጽ 79 መሠረት ከመጠን አልፈሃል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጽሑፉ ይህንን አንድም ቦታ አላነሣውም።