ጊደሯስ መጣች፤ ሣሩስ?

መሬት የሌለውን ቤተሰብ ከድህነት ለማውጣት ጊደር ወይም ጥቂት በግ ይሰጠው የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። መሬት ተከፋፍሎ አልቋል፤ ከብት ግን ይራባል፤ ስለዚህ በገበሬና በገበሬ መካከል ያለው የገቢ ልዩነት ይጠባል ነው ክርክሩ። ከንቱ አይደለም። ያሰበው ግን ስለ ከብቷ እንጂ ስለ መኖዋ አይደለም።

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ፣ ውኃው ሲሸሽ የሚያበቅለው ሣር ነበር የፎገራን ላም በወተቷ ስመ ጥር ያደረጋት። ጨፌው የወል ነበር። ሃያ ከብት ያለው ሃያ አፍ ያሰማራበታልና እኩልነት ነበር አልልም፤ ቢሆንም ባለ አንድ ላሟ ሴት ለሣር ሳንቲም አታወጣም ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ፣ ሜዳውም ቀስ በቀስ ታረሰ። ሩዙን አልነቅፍም፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ገለባው ግን የባለ መሬቱ ነው።

በበጋ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት እናት ገለባ ከጫነ ጋሪ ፊት ቆማ አየሁ። ከሥር እየመዘዘች ታሸታለች፤ እርጥበት የገባው ይሻግታላ። ተከራክራ ተከራክራ ግማሹን ገዛች። ሻጩ የቀረውን ይዞ ለራሱ ከብቶች ሄደ። እርሱ በነጻ የሚያበላውን እርሷ ከወተቷ ገንዘብ ትከፍልበታለች።

ርቢ የሚባለው የከብት መጋራት ልማድም ተበላሽቷል። ባለ ሀብቱ ላሙን ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ይመግባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ሣር በነጻ ሲገኝ ለድሃ መነሻ ነበር፤ መኖ ሲገዛ ግን ወጪው በሙሉ በድሃው ጫንቃ፣ ትርፉ ለሁለት ነው።

በደንገል ታንኳ፣ በዓሣና በስፌት ለሚተዳደሩት፣ ከባሕር ዳር ጀምሮ በሐይቁ ዳር ለሚኖሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦችማ ጊደር ቢሰጣቸው የት ያስሯታል? ጥቂት ዶሮ ይሻላቸው እንደሆነ የጠየቃቸው አለ?

የግል ማሳ የይዞታ ደብተር አለው፤ ባለቤቱም ወሰኑን ይጠብቃል። የወሉን ግጦሽ ግን ማረሻ በየዓመቱ ስንዝር ስንዝር ይገፋዋል፤ በሐይቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ይሻማዋል። የቀረው በየቀበሌው ተለክቶ ድንበሩ በድንጋይ ይተከል፤ ጊደር ሲታደልም ቢያንስ የመጀመሪያው በጋ ገለባ አብሮ ይሰጥ። የተቀባዮች ቅጽ ላይም «ግጦሹ የት ነው?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ መልስ ከሌለው ጊደሯ ትቆይ።