ከማሽኑ በፊት ጠርሙሱ

ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ለሚኖር ሰው ሸረሪት ብርቅ አይደለም። ማታ የበረንዳውን መብራት ስታበራ ከሐይቁ የሚነሳው ጥቃቅን ዝንብ ግር ብሎ ይመጣል። ዝንቡ ባለበት ሸረሪቷም አትጠፋም። ጠዋት ድሩን በመጥረጊያ ታነሳለህ፣ ማታ እዚያው ጥግ ላይ አዲስ ተደርቶ ታገኘዋለህ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ስጠርግ ኖሬያለሁ።

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ትንንሽ ጠርሙሶች ይዛ መጣች። ባዮሎጂ ትማራለች። "ጋሼ፣ ዛሬ አይጥረጉ፤ እኔ ልሰብስባቸው" አለችኝ። እናቷ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ ሳቀች። "ይኸው፣ ዩኒቨርሲቲ የላክኋት ሸረሪት ልትለቅም ነው!"

ልጅቷ ሸረሪቶቹ ከየትኞቹ ጋር እንደሚዛመዱ ማወቅ ትፈልጋለች። ለዚህ ደግሞ የማይቶኮንድሪያ ጂኖማቸው፣ ማለትም የማይቶኮንድሪያው ሙሉ ዲኤንኤ፣ ቢነበብላት ደስ ይላታል። "ምን ዋጋ አለው፣ ዲኤንኤ የሚያነበው ማሽን የለንም" ብላ ተከዘች። ይህን ቅሬታ ከብዙ ወጣቶች እሰማለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የሚጎድለን ማሽኑ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይቶኮንድሪያ በህዋስ ውስጥ ጉልበት የሚያመርት ክፍል ነው። ከዋናው ዲኤንኤ የተለየ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው። እንደ መቁጠሪያ ክብ ነው፤ በአብዛኞቹ እንስሳት 37 ጂኖች ተሰክተውበታል። ዲኤንኤ የተሠራባቸውን ኬሚካላዊ ቅንጣቶች ፊደል ብንላቸው፣ የሰው 16,569 ፊደል ነው፣ ሙሉው የተነበበውም እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የሸረሪቶቹ በብዛት 14 ሺህና 15 ሺህ አካባቢ ነው።

የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። እኛ ስም ስንናገር የአባትን፣ ቀጥሎ የአያትን እንጠራለን። ማይቶኮንድሪያ የሚቆጥረው በሌላው በኩል ነው፤ እናት፣ የእናት እናት፣ የእሷ እናት እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ደግሞ በአንድ ህዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው በቀላሉ ይገኛል። አንድ የሸረሪት እግር ይበቃል። ተመራማሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የአንዲት የሰሜን አሜሪካ ዘላይ ሸረሪት ማይቶኮንድሪያ ጂኖም ታትሞ ነበር። 14,381 ፊደል ነው። ሁለት ነገር አስገረመ። አንደኛው የጂኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ሸረሪትን በሩቁ ከሚዛመዳት የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ጋር ስታስተያያት ጥቂቶቹ የመቁጠሪያው ፍሬዎች ቦታ ተቀያይረዋል። እንዲህ ያለው ቅያሬ በየቀኑ አይከሰትም። ስለዚህ ሁለት ሸረሪቶች አንድ ዓይነት ቅያሬ ካላቸው ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም ትላለህ። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ፕሮቲን ሲሠራ አሚኖ አሲድ እያመጡ የሚያቀብሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች አሉ፣ ትራንስፈር አርኤንኤ ይባላሉ። መማሪያ መጽሐፍ ላይ እንደ ሦስት ቅጠል ሆነው ነው የሚሳሉት። የዚህች ሸረሪት ብዙዎቹ አንዱ ቅጠል የላቸውም። ተቆርጠው፣ አጥረው፣ ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። በደንበኛው ቅርጽ የሚፈልጋቸው የኮምፒውተር ፕሮግራም አያገኛቸውም፤ "የሉም" ብሎ ያልፋል። ሰው ቁጭ ብሎ በዓይኑ መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ተረታችን ልምጣ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን። በእውነት ድራቸውን የሚያስተባብሩ ሸረሪቶች እንዳሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? ስቴጎዲፈስ በሚባለው ወገን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በአንድ ጎጆ የሚኖሩ ሦስት ዝርያዎች አሉ። ሁለቱ አፍሪካ ውስጥ፣ አንዱ ሕንድና አካባቢዋ። እሾሃማ ዛፍ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፣ አብረው ያድናሉ፣ ልጅ አብረው ያሳድጋሉ። (በመጨረሻ ልጆቹ እናቶቻቸውን ይበሏቸዋል፤ ተረቱ እዚህ ድረስ አይሄድም።) እነዚህ ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ማይቶኮንድሪያን ጨምሮ በዲኤንኤ ዝምድናቸውን የቆጠረ ጥናት ሦስቱም ለየብቻ አብሮ መኖር እንደጀመሩ አሳየ። የእያንዳንዳቸው የቅርብ ዘመድ ብቻውን የሚኖር ሸረሪት ነው። ማበሩ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ቤት ተጀመረ ማለት ነው። እዚያው ጎጆ ውስጥ ከወንድምና ከእህት ጋር ስለሚዳቀሉ ግን መንገዱ ሩቅ አይወስድም ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ከትንሽ ክር ሲወጣ ያጓጓል። ግን ክሩ አንድ ነው። ሸማኔን ጠይቀው፤ ድሩ ብቻውን ጋቢ አይሆንም፣ ማግ ይፈልጋል። ማይቶኮንድሪያ ድሩ ነው እንበል፣ ማጉ ዋናው ዲኤንኤ ነው። ክብ ድር የሚያደሩ ሸረሪቶች ለረጅም ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ተደርገው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ከዋናው ዲኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ያነጻጸሩ ሁለት ጥናቶች ወጡና ያንን ሐሳብ አፈረሱት። ክብ ድር ወይ በጣም ጥንታዊ ሆኖ ብዙዎች ትተውታል፣ ወይ ሁለት ጊዜ ተፈጥሯል። ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ደግሞ አለ። እሱም ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ በተስፋፋ ቁጥር የአንዷን እናት ማይቶኮንድሪያ ይዞ ይስፋፋል። የዘር ሐረጉ ያኔ የበሽታ ታሪክ እንጂ የዝምድና ታሪክ አይሆንም።

እንግዲህ ማሽኑ ያነበበውን ስትጠራጠር ምን ታደርጋለህ? ወደ ሸረሪቷ ትመለሳለህ። ሸረሪቷ ከሌለችስ? 14 ሺህ ፊደል ይዘህ የማን እንደሆነ አታውቅም። በተሳሳተ ስም ከተመዘገበ ደግሞ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ሌላው አምኖ ይጠቀምበታልና።

ለዚህ ነው ጠርሙሱ ይቅደም የምለው። ስም የወጣላቸው የዓለም ሸረሪቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ከ50,000 አልፈዋል። ብዙዎቹን የሚለየው ዓይን እንጂ ማሽን አይደለም፤ የጎልማሳዋን ሸረሪት የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚያውቅ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ማሠልጠን ጊዜ ይፈጃል። ንባቡን ግን በክፍያ ሌላ ቦታ ማስነበብ ይቻላል። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል እንጂ መንገድ አለው።

ጠርሙሱም ሙያ ይፈልጋል። ለዲኤንኤ 95 በመቶ አልኮል ይሻላል፤ ገላዋ ግን ደርቆ ይሰባበራል። ለገላዋ 70 በመቶ ይመረጣል። ስለዚህ አንድ እግር ወዲያ፣ ሌላው ገላ ወዲህ። የልጅቷን ጠርሙሶች አነሳሁና አየኋቸው። ውጩ ላይ በእስክሪፕቶ "ሐዋሳ" ብላለች፣ ከሥሩ ቀን አለ። አልኮል ሲነካው ቀለሙ ይለቃል። በእርሳስ ጻፊና ውስጡ ክተቺው አልኳት። ሐዋሳስ የት ነው? ጥቁር ውሃ ነው፣ ታቦር ተራራ ነው፣ አሞራ ገደል ነው? ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ ጽፈሽ ካልገለጽሽ የውጭ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስድብሻል።

"ጋሼ፣ በጣም አበዙት" አለችና ሳቀች። ግን ጻፈች። "ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ በረንዳ፣ መብራት ሥር።"

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። የያዘቻቸው ሁሉ ገና ያልደረሱ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ጥግ ላይ የቀረችው እስክትጎለምስ እንዳልጠርግ ለመነችኝ። እሺ አልኩ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ወደዚያ ጥግ እየገፋች ድሩን ትሸፍናለች።