«ሶሪ ማዘር»

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን ገበያው አፍ ላይ ቆሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። አንዲት እናት ግማሽ ማዳበሪያ ገብስ አዝለው ከፊቴ ይሄዳሉ። አንድ ጎረምሳ ስልኩ ላይ አፍጥጦ መጣና በትከሻው ገጫቸው። ማዳበሪያው ወደቀ። የታሰረበት ገመድ ተፈቶ ገብሱ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ልጁ ዞር እንኳ ሳይል «ሶሪ ማዘር» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እናት ደንገጥ ብለው «ምን አለኝ? ሱሪ ነው ያለው? ሱሪው ምን ሆነ?» አሉ።

የቆመው ሰው ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይቺን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። አገሬ ገብቼ እንዲህ ታንገበግበኛለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

እዚያ ሶሪ የማትገባበት የለም። ባቡር ውስጥ እግርህን የረገጠህ ሶሪ ይልሃል። አንተ የተረገጥከውም ሶሪ ትላለህ። እኛ «አቤት?» የምንለውን እነሱ «ሶሪ?» ይሉታል። በሰው መሀል ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ዕቃው አልቋል የሚል ባለሱቅ፣ ሁሉም ሶሪ ነው። ሰው ሲሞትም ሶሪ ነው።

ይቺ የመጨረሻዋ ናት አልዋጥ ያለችኝ። እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስታርፍ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። መርዶውን ለአለቃዬ ነገርኳት። «ሶሪ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ የምትገፋው ጋሪ ከእኔ ጋሪ ጋር ተጋጨ። አሁንም «ሶሪ» አለችኝ። በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። እናቴና ጋሪው እኩል ሆኑብኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አለቃዬን ይቅር ያልኳት ቆይቶ ነው። የቋንቋ ትምህርት ስማር፣ ሶሪ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሥሯ ሕመም፣ ቁስል ማለት እንደሆነ አወቅኩ። አሞኛል ማለት ነው ለካ! ልጅ ሲደናቀፍ እናቶቻችን «እኔን!» የሚሉት ትዝ አለኝ። ያንተ ሕመም እኔን ይመመኝ ነው ነገሩ። አለቃዬም በአቅሟ እኔን ማለቷ ነበር። ያላት ቃል እሱው ነው፣ ከየት ታምጣ?

ቃሏ ትንሽ መስላ ትታይ እንጂ ከባድ ናት። የካናዳ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከእናታቸው ጉያ እየነጠቁ በአዳሪ ትምህርት ቤት አኑረዋል። በፈረንጆቹ ጁን 11 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ሃርፐር ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ይችኑ ቃል በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ፣ ደግሞም በነባሮቹ ቋንቋዎች ተናገራት። ቶሮንቶ ያለችበት ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ደግሞ በፈረንጆቹ 2009 ሕግ አወጣች። አደጋ ያደረሰ ሰው ሶሪ ቢል፣ በፍትሐ ብሔር ክስ ጥፋቱን እንዳመነ አይቆጠርበትም። ሰው መከሰስን ፈርቶ ዝም እንዳይል ነው፤ ገብቶኛል። በእኛ አገር ግን ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚለው «አጥፍቻለሁ» ነው። ይህ ሳይባል ምኑን ይቅር ይሉታል?

አንድ የምቀናበት ነገር አለ። እዚያ እናት ለአራት ዓመት ልጇ ጎንበስ ብላ ሶሪ ትላለች። አለቃ ለሠራተኛው ይላል። አባቴ አንድ ጊዜ በግ አስጠፋሽ ብሎ ገረፈኝ። በጉ ማታ ጎረቤት ታስሮ ተገኘ። አባቴ ምንም አላለም። ራት ላይ ብቻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፣ ወዲያው ደገመኝ። ጉርሻው ይቅርታ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ቃሉን ከአፉ ብሰማው ግን እንዴት ደስ ባለኝ!

የኛ ልጆች ታዲያ ይህን ቢወስዱ ምን ነበር? እናቴ የሞተች ሰሞን አንድ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ዘመዴ በስልክ መልእክት ላከልኝ። «ሶሪ» ይላል፣ ከጎኑ የምታለቅስ ፊት አለች። በቃ። ነፍስ ይማር የት ሄደ? እግዚአብሔር ያጽናሽ የት ሄደ? ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ደግሞ ካርድ በሰው አስሞልተው ደወሉ። «እኔን አፈር ይብላኝ ልጄ፣ በሰው አገር ብቻሽን!» ብለው አብረውኝ አለቀሱ። ካርዱ እስኪያልቅ አለቀስን። ያን መልእክት ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ፈረንጇ አለቃዬ ሌላ ቃል ስለሌላት ነው ሁሉን በሶሪ የምትሸፍነው። እሱ ምን አጥቶ ነው?

ገበያው አፍ ላይ ይሄ ሁሉ ነው የተነሣብኝ። «አንተ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። ቆመ። «ና ሰብስብላቸው!» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ መጣ። ስልኩን ኪሱ ከቶ ተንበረከከ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከጎኑ ቁጭ አልኩ። በእፍኛችን እያፈስን ወደ ማዳበሪያው መለስን። ከአሸዋ ጋር የተደባለቀውን እሱ እፍ እያለ ለየው። ሲጨርስ ገመዱን አጥብቆ አሰረና «እማማ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አላቸው።

«እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉ። ከዚያ ጉልበቱን አዩት፤ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያራግፉለት ጀመር።

«እኔን! ይሄው ሱሪህ ተበላሸ።»