ምስጋና ለክላክሳችን

በለንደኑ የቴምዝ ወንዝ ላይ የጭነት መርከቦችና ለስፖርት የሚቀዝፉ ወጣቶች አንድ ውሃ ተጋርተው በሰላም ለማደር የሚደክሙትን ድካም ሳስብ፣ ጅማ ውስጥ በመኖሬ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ መሪ አብሮት ከሌለ በየጥቂቱ አንገቱን እየጠመዘዘ ካላየ በቀር ከፊቱ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ከባድ መርከብ በበኩሉ ፍሬን የለውም፤ ሞተሩ ወደኋላ እንዲሠራ ቢደረግም ረጅም ርቀት ሳይንሸራተት አይቆምም፣ ከአፍንጫው ሥር የገባችን ታንኳም ካፒቴኑ አያያትም።

ምስኪኖቹ ለዚህ ያገኙት መላ ሕግ መጻፍ ነው። በ1972 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በጠባብ መተላለፊያ ሁሉም ቀኝ ዳሩን ይዞ እንዲሄድ ያዛል፤ ርዝመቱ ከ20 ሜትር ያነሰ ጀልባም ሌላ መሄጃ የሌለውን መርከብ እንዳያደናቅፍ ይከለክላል። ጥሩምባቸው እንኳ ሰዋስው አለው፤ አንድ አጭር ድምፅ «ወደ ቀኝ እየዞርሁ ነው»፣ ሁለት «ወደ ግራ»፣ ሦስት «ሞተሬ ወደኋላ እየሠራ ነው»፣ አምስትና ከዚያ በላይ ደግሞ «ምን ልታደርግ እንዳሰብህ አልገባኝም» ማለት ነው። ያን የሚያህል መርከብ እየነዱ «አልገባኝም» ብሎ በአደባባይ ማመን እንዴት ያለ ውርደት ነው!

እኛ ግን የከተማችን ወንዝ አዌቱ መርከብ ስለማይችል አስፋልቱን ወንዝ አድርገን፣ በቡና ወቅት ጆንያ የቆለለ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ ባጃጅና ገበያተኛ ያለ አንዳች ደንብ አብረው እንዲፈስሱ አድርገናል። የለንደን ቀዛፊ ዓመታት የሚለማመደውን ወደኋላ ዞሮ የመጓዝ ጥበብ፣ የእኛ ባለባጃጅ ከተሳፋሪው ጋር በመልስ እየተከራከረ ያለ ምንም ሥልጠና ይፈጽመዋል። (ተሳፋሪው መንገዱን ስለሚያይ መሪ የለም ማለት አይቻልም።) ክላክሳችንም ከእነርሱ ጥሩምባ እጅግ የላቀ ነው፤ አንዴ ሲጮኽ «እንዴት አደርህ» ነው፣ ሁለቴ ሲጮኽ «ትሄዳለህ?» ነው፣ ሳያቋርጥ ሲጮኽ ደግሞ «ፍሬን አለኝ፤ ነገር ግን አልይዝም» ማለት ነው። እግረኛውም ቢሆን ከጀርባው የሚመጣው ጩኸት ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ ለይቶ ለማወቅ አይቸኩልም፤ የመንገዱን መሃል እንደያዘ በክብር ይራመዳል፣ መኪናው ልብሱን ሲነካውም ዞር ብሎ በትዝብት ይመለከታል።

ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ አይሱዙ ያለማቋረጥ እያንባረቀ ሲመጣ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ እኔም ከቦታችን ንቅንቅ አላልንም። ከመካከላችን ቀኝ ዳሯን ይዛ የቆመችው እንጨት የተጫነች አንዲት አህያ ብቻ ነበረች፤ ሁላችንም የገጠር መሆኗን ወዲያው ዐወቅን።